ሰው የማይውልበት ክፍል

«መሰላሉ አይወዛወዝብህም ልጄ? ወለሉ እዚህ ጋ ትንሽ ዘንበል ይላል… ጎሽ፣ እንደሱ፣ ወደ ግድግዳው አስጠጋው። ሰማዩስ ዛሬ ደህና ነው። ትናንት ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድበው ውሎ፣ ዛሬ ደግሞ ምንም እንዳላደረገ ሰው ፈገግ ብሏል። እንዲህ ያለ ቀን ለእጅ ሥራ ይመቻል፤ ጣት አይደነዝዝም። አይደለም እንዴ?»

መሰላሉ ላይ የቆመው የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ቴክኒሻን መልስ አልሰጠም። ሊሰጥም አይችልም ነበር፤ ከጣሪያው ሥር ያለውን የአየር መውጫ ፍርግርግ እየፈታ፣ የፈታቸውን ብሎኖች በከንፈሮቹ መካከል ይዟቸዋል። ጡረተኛዋ የጂኦግራፊ መምህርት ይህንን ገና ከጅምሩ አስተውለዋል። ዕድሜውን ሙሉ በተማሪ ፊት ቆሞ የኖረ ሰው፣ አፉ የተያዘ አድማጭ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያውቃል።

መምህርቷ የተቀመጡት በመስኮቱ አጠገብ፣ በወንበራቸው ላይ ነው። የክፍላቸው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሩ ወደ አጭር መተላለፊያ ያወጣል፤ መተላለፊያው በስተግራ ወደ ምራታቸው የሥራ ክፍል፣ ፊት ለፊት ደግሞ ወደ ሳሎኑ ያደርሳል። ሳሎን ውስጥ መሐንዲሱ ልጃቸው ኮምፒዩተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጽፋል። በዚህ ክፍል ውስጥ በመደበኛ ድምፅ የተነገረ ነገር ሁሉ ሳሎን ይደርሳል። የመምህርቷ መደበኛ ድምፅ ደግሞ ከመጨረሻው ረድፍ ለሚቀመጠው ተማሪ ተብሎ የተቃኘ ነው።

አዲሱ መሣሪያ በቤቱ ውስጥ የተተከለው ብርዱ ሲገባ ነበር። ቀድሞ ቤቱ በሙሉ አንድ ላይ ይሞቅ፣ አንድ ላይ ይቀዘቅዝ ነበር። አሁን ግን በዞን ተከፋፍሏል፤ ሳሎኑ ለብቻው፣ መኝታ ቤቱ ለብቻው፣ የሥራ ክፍሉ ለብቻው፣ የመምህርቷ የኋላ ክፍልም ለብቻው። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከበላይዋ ያለውን ሳይሆን ከበታቿ ያለውን እንቅስቃሴ የምትከታተል ትንሽ ነጭ ሴንሰር አለች። ሰው ስታይ አረንጓዴ መብራቷን ታበራለች፣ ሙቀት የሚያመጣው ቱቦም ይከፈታል። ሰው ካላየች ትዘጋዋለች። ያየችውንም ያላየችውንም ለልጅየው ስልክ ታስታውቃለች።

ዛሬ ጠዋት ቴክኒሻኑ መሰላሉን ተሸክሞ በሩ ላይ ሲደርስ፣ የሚለቀቀው ክፍል ይህ መሆኑን መምህርቷን በፍጹም ቅንነት ጠየቃቸው። ማን ነው የሚለቀው ቢሉት፣ የታዘዘውን አንድ በአንድ ነገራቸው። ክፍሉ ሰው የማይውልበት ስለሆነ ቱቦው በቆርቆሮ ይከደናል፤ ሙቀቱ ወደ ሥራ ክፍሉ ይዞራል፤ ክፍሉ ውስጥ የሩጫ ማሽን ይገባበታል፤ የባለቤቱ እናትም ወደ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። የባለቤቱ እናት ፊቱ የተቀመጡት ሴት መሆናቸው የገባው ይህን ተናግሮ ካበቃ በኋላ ነው። ደንግጦ ከሴንሰሯ እይታ በላይ መሰላሉ ላይ ወጣ፤ ብሎን መፍታትም ጀመረ።

መምህርቷ ስለዚህ ጉዞ ሲሰሙ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር።

ተነሥተው ሳሎን ሄደው ነገሩን በግልጽ ሊጠይቁ ይችሉ ነበር። ነገር ግን የወለዱትን ልጅ ያውቁታል። ፊት ለፊት ሲጠየቅ «እማዬ፣ ላንቺው ብዬ እኮ ነው» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚከራከር ሰው ውለታ ቢስ ይሆናል። ስለዚህ መጽሐፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ደፉት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወደ መሰላሉም ዞሩ።

«ይገርምሃል ልጄ፣ አንዲት ወዳጅ አለችኝ። አብረን ነው ያስተማርነው። እሷም እንደኔው ባሏ ሞቶባት ልጇ ቤት ነው የምትኖረው። አይ ልጅ! ልጅ ማለትስ እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ለጠላቴም… ምን ልል ነበር? ለጠላቴም አልመኝም ልል… ኧረ ምን ነካኝ! ለጠላት አይገባም ማለቴ ነው። አየህ፣ ዕድሜ ምላስ ያስታል።»

ሳሎን ውስጥ የኮምፒዩተሩ ቁልፎች እንደወትሮው መንጫጫታቸውን ቀጠሉ።

«ሥርዓት ይወዳል ስልህ። ቤቱን ምን የመሰለ አድርጎ በዞን በዞን ከፋፈለው መሰለህ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያልኩ ሳስተምር፣ ሦስቱንም በአንድ ጣሪያ ሥር አያለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅ። ወዳጄን ልጠይቃት ስሄድ እኮ ሽርሽር ነው የምወጣው! ሳሎኑ ቆላ ነው፤ እንግዳ ካፖርቱን ካላወለቀ ያልበዋል። የሥራ ክፍሉ ወይና ደጋ፣ ለአእምሮ የሚስማማ። የወዳጄ ክፍል ደግሞ… ደጋ ልበልህ? ከደጋም በላይ ውርጭ የሚባል አለ፤ ሁልጊዜ ፈተና ላይ ተማሪ የሚረሳው። ክፋት የለውም። ቅዝቃዜ ያቆያል። ሥጋ እንኳ የሚበረክተው በቅዝቃዜ ነው፤ እናት ለምን አትበረክት?»

ቴክኒሻኑ በአፍንጫው ሳቀና አንዱን ብሎን ለጥቂት ከመዋጥ ዳነ።

«ቀስ በል፣ እንዳትውጠው። ምን ላይ ነበርኩ? አዎ… ለምን ቀዘቀዘ አትለኝም? ያቺ ሴንሰር የምትሏት አለች አይደል፣ እዚህ ግድግዳው ላይ እንዳለችው ያለች? ምን የመሰለች ትጉህ ናት! የሚንቀሳቀስ ነገር አያመልጣትም። ወዳጄ ደግሞ አትንቀሳቀስም። ቁጭ ብላ ታነባለች። ስታነብ የሚንቀሳቀሰው ዓይኗ ነው፤ ዓይን አይቆጠርም። ገጽ ስትገልጥ ጣቷ ትንሽ ብድግ ይላል፤ እሱም ማለፊያ ነጥብ አያስገኝም። ሴንሰሯ ቃኘት ታደርግና "ማንም የለም" ትላለች። ቱቦው ይዘጋል። ወዳጄ ሲበርዳት ሹራብ ልትደርብ ወደ ቁምሣጥኑ ስትሄድ፣ "ለካ ሰው ነበር!" ትልና ትከፍትላታለች። ሹራቡን ደርባ ስትቀመጥ… መልሳ ትዘጋባታለች። ሐሩሩ ወር ሲመጣ ደግሞ በዚሁ ቱቦ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል አሉ። ያኔ ወዳጄ አለች ከተባለች ትቀዘቅዛለች፣ የለችም ከተባለች ትበስላለች ማለት ነው። ምርጫው የሴንሰሯ ነው።

«እና ምን ታድርግ? ዘዴ ፈጠረች። በገዛ ክፍሏ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ታክሲ እንደሚያስቆም ሰው እጇን ታውለበልባለች! አንዳንዴ በጋዜጣ፣ አንዳንዴ በመነጽር ማኅደር። አንድ ቀን ምራቷ ከውጭ ስትገባ በመስኮት አይታት፣ ሰላም ያለቻት መስሏት እሷም ቆማ አውለበለበችላት። ብርድ ያንቀጠቀጣትና ከሥራ የደከማት እንዲህ ሲሰላመቱ ቆዩልህ… ደስ የሚል ፍቅር።»

በዚህ ጊዜ የሥራ ክፍሉ በር ተከፈተ። ምራትየው ስብሰባዋን አቋርጣ፣ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አውርዳ መተላለፊያው ላይ ቆመች። በአማት ቤት… ይቅርታ፣ በራሷ ቤት ውስጥ ስለራሷ በጎን ሲወራ የሰማች ሴት የምትይዘውን ፊት ይዛለች። ያንን የመስኮቱን ሰላምታ በሚገባ ታስታውሰዋለች፤ ጆሮዎቿ ቀልተዋል።

መምህርቷ ቀና ብለው አላዩዋትም። ድምፃቸውን ግን ትንሽ አለሰለሱት።

«ሰው ምራትን ማማት ይቀናዋል። እኔ አላማትም። እሷ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ጆሮዋን ደፍና ነው የምትሠራው፤ ምን ትይ፣ ምን ትስማ? ደግሞም እጇን አውለብልባለች፤ በዚያ ቤት እስካሁን ወዳጄን ያየቻት እሷ ብቻ ናት። የለም የለም፣ እኔ የማደንቀው ልጅየውን ነው።»

የምራትየው ትከሻ ወረደ። እጆቿን አጣምራ የበሩን መቃን ተደገፈች፤ ወደ ስብሰባዋ የመመለስ ምልክት አላሳየችም።

«ጨዋነቱን ልንገርህ? የእናቱ ክፍል ከሳሎኑ እምብዛም አይርቅም። አንዱ ቢያስነጥሰው ሌላው "ይማርህ" የሚልበት ርቀት ነው። እሱ ግን በር አያንኳኳም። ለምን? እንዳይረብሻት! ሌላ ልጅ ቢሆን ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ "እማዬ፣ አለሽ?" ይል ነበር። ባለጌ! ይሄ ግን የሚጠይቀው ስልኩን ነው። ስልኩ አለች ካለ አለች፤ የለችም ካለ የለችም። ትምህርት ማለት ይሄ ነው። እናቱ ስትስል ድምጿ ሳሎን ይደርሳል፤ ስልኩ ግን ክፍሉ ባዶ ነው ይላል። እንግዲህ ማንን ይመን ልጄ? ጆሮውን? ስልክ እኮ ዋስትና ይዞ ነው የሚመጣው። ጆሮን እናቱ ናት የሰጠችው… ያለ ዋስትና።»

የኮምፒዩተሩ ቁልፎች ዝም አሉ።

መምህርቷ ዝምታውን ሰሙት። ክፍል ውስጥ ከኋላ ረድፍ ሲያወራ የነበረ ተማሪ በድንገት ጸጥ ሲል የሚሰማቸው ዓይነት ደስታ ተሰማቸው፤ ያንን ደስታ ትንሽ እንዲቆይ ፈቀዱለትና ብርድ ልብሱን እግራቸው ላይ አስተካከሉ።

«ማታ እራት ላይ ምን እንደሚላት ታውቃለህ? "እማዬ፣ ዛሬም ወጣ ብለሽ ዋልሽ አይደል? ጎበዝ፣ መንቀሳቀስ ጥሩ ነው።" ፊቱ በደስታ ፈክቶ! ወዳጄ ደግሞ ከክፍሏ ንቅንቅ አላለችም። ግን ይሄን የፈካ ፊት እንዴት ታጨልመው? "አዎ ልጄ፣ ወጣ ብዬ ነበር" ትለዋለች። የት ዋልሽ ብሎ እንኳ አይጠይቃትም። እምነት ነው! ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገበያ ደርሳ ስትመለስ የጠፋችበትን ጊዜ ይቆጥር ነበር። ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ ጠፍታ ብትውል አንድ ጥያቄ የለውም። ይሄን ያህል የሚያምናት ወንድ አግኝታ አታውቅም።»

ቀልዱን የተናገሩት በፈገግታ ነው፤ ነገር ግን ከንግግራቸው ሁሉ እውነት የሆነው ይህ ነበር። የመጀመሪያው ማታ «አዎ» ያሉት ለመሳቅ ብለው ነው። የት ሄድሽ ቢላቸው አንዲት አስቂኝ ነገር አዘጋጅተው ነበር፤ ወደ ቁምሣጥኑ ተጉዤ ተመለስኩ ሊሉት። አልጠየቀም። በማግስቱም ጠበቁት። ከዚያ በኋላ «አዎ» ማለቱ ልማድ ሆነ። ልጅየውም በስልኩ ወሬና በእናቱ «አዎ» ላይ ተመሥርቶ፣ መሐንዲስ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ከመደምደሚያ ደረሰ፤ እናቱ ክፍሏን አትፈልገውም፣ ቤቱ ሰልችቷት ውጭ ውጭ ትላለች፣ ስለዚህ ሰው የሚበዛበት የእህቱ ቤት ይሻላታል። ስሌቱ እንከን የለውም። ስህተቱ ከመነሻው ነው።

«እና አሁን አሰበላት። ክፍሉን ሊያስለቅቃት ነው። ምን ያደርግላታል? ሰው የማይውልበትን ክፍል ማሞቅ ብክነት ነው፤ ይሄን እኔም አስተምሬዋለሁ። ወደ እህቱ ትሄዳለች። እህቱ ያለችበት ከተማ ሞቃት ነው፤ እዚያ ዞን የለም፣ እግዜር ራሱ ሁሉንም ሳይለይ ያሞቃል። ለወዳጄ ግን ገና አልነገራትም። አንዳንድ ልጅ እናቱን በልደቷ ቀን ድንገት ያስደስታል፤ እሱ በስንብቷ ቀን ሊያደርገው አስቦ ይሆናል… ሻንጣዋን በር ላይ ስታይ እንዴት ደስ ይላት!

«ደግሞ ክፍሉ ባዶ እንዳይቀር የሩጫ ማሽን ገዝቷል። ማሽኑን እኔም ወድጄለታለሁ። ማሽን ላይ ሰው ሲወጣ ይወዛወዛል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ሴንሰሯ ታየዋለች፣ ስልኩም "አለ" ይላል። ቁጭ የሚል ነገር ግን ዕቃ ነው። ጥፋቱ የወዳጄ ነው ልጄ፣ እውነቱን እንነጋገር። ሹራቧን ደራርባ እዚያው በቦታዋ ሶምሶማ ብትል ኖሮ፣ ይሄን ጊዜ እናት ትባል ነበር።»

ምራትየው አፏን በእጇ ያዘች። ሳቅ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ግን ሌላ ነገር ሆነባት። ዞር ብላ ወደ ሳሎኑ ተመለከተች፤ አስተያየቷ ሚስት ከባሏ ጋር ስለ አንድ ጉዳይ በዝርዝር ለመነጋገር ስትወስን የሚታይባት ዓይነት ነበር።

ቴክኒሻኑ ፍርግርጉን አውርዶ ጨርሷል። በአንድ እጁ የተቆረጠውን ቆርቆሮ ይዞ፣ በተከፈተው ቱቦ አፍ ፊት ቆሟል። ከፍቶ ለመክደን የታዘዘ ሰው ነው፤ ክንዱ ግን ወደ ላይ አልነሣ አለው።

«ምነው ቆምክ የኔ ጌታ? ክደነው እንጂ። ቆርቆሮው ልክ ነው አይደል? ልክ ነው፣ ከዚህ ሆኜ አያለሁ። አስተዋይ ሰው ነው የለካው፤ የቱቦውን አፍ ስፋት እስከ ጫፉ ያውቀዋል። የክፍሉን ውስጥ ግን… እሱ ሌላ መለኪያ ይፈልጋል። ኧረ ግራ አትጋባ! ይሄ የኔ ክፍል ነው፤ እኔ የማወራህ ስለ ወዳጄ ክፍል ነው። ምን አገናኘው? አንተ የታዘዝከውን ሥራ።»

ከሳሎን ኮምፒዩተር ሲከደን ተሰማ። ቀጥሎ እርምጃ መጣ፤ መተላለፊያው ላይ ሲደርስ ዘገየ፣ ምራትየው ባለችበት አጠገብ ሲያልፍ ይበልጥ ዘገየ፣ በሩ ላይ ቆመ።

ልጅየው ደፉን ተሻግሮ ገባ። ወዲያው በግድግዳው ላይ ያለችው ሴንሰር አረንጓዴ መብራቷን አበራች። ክዳን ያልተደረገበት ቱቦ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ሞቃት አየር ክፍሉን ሞላው። እጁ ውስጥ ያለው ስልክ አንድ ጊዜ ነዘረ፤ ክፍሉ ውስጥ ሰው መኖሩን እየነገረው።

«እይ፣ በራች! እኔ ጠዋቱን ሙሉ ስለፈልፍ ያላየችኝ… ምን ዓይነት ክቡር እንግዳ ቢገባ ነው? ለካስ ምላስም አይቆጠርም። እሱስ በጀን፤ ምላስ ቢቆጠር ይሄ ቤት እስካሁን በተቃጠለ።»

ልጅየው አልሳቀም። መጀመሪያ ስልኩን አየ፣ ከዚያ ሴንሰሯን፣ ከዚያ እናቱን። በላይ በላይ የተደረቡትን ሹራቦች አየ። ክንድ ከመደገፍ ብዛት ቀለሙ የለቀቀውን የወንበር እጀታ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ የተደረደሩትን መጻሕፍት፣ ግማሽ የተጠጣውን ሻይ፣ ወንበሩ እግር ሥር የወለሉ ምንጣፍ ጎድጉዶ የቀረበትን ቦታ አየ። ቀኑን ሙሉ፣ ቀን በቀን ሰው ተቀምጦበት የኖረ ክፍል ነበር። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በሩ ላይ መቆም ይበቃል። አሁን ቆሟል።

አፉን ከፈተ፤ ምናልባት ያችኑ «ላንቺው ብዬ» ሊላቸው ነበር። ከጀርባው ምራትየው ጉሮሮዋን ጠረገች። አፉን መልሶ ዘጋ። ወደ መሰላሉ ተጠግቶ ቆርቆሮውን ከቴክኒሻኑ እጅ ተቀበለና መተላለፊያው ውስጥ ግድግዳ አስደግፎ አቆመው። ፍርግርጉን ከወለሉ አንሥቶ አቀበለው፤ በአገጩም ወደ ቱቦው አመለከተው። ቴክኒሻኑ ሁለተኛ ትእዛዝ አልጠበቀም። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየጠመዘዘ፣ ሲከፍት ከፈጀበት ባነሰ ጊዜ ገጠመው።

ክፍሉ የመምህርቷ ሆኖ ቀረ። ጉዞውም ቀረ፤ ይህን በመካከላቸው ማንም በቃል ባይናገረውም እናት፣ ልጅና ምራት ሦስቱም ያውቁታል። ልጅየው ግን አልወጣም። አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት ተቀጥቶ ሲመጣ እንደሚቀመጠው፣ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ ተቀመጠ።

መምህርቷ በዚህ ላይ ሊያቆሙ ይችሉ ነበር። ፊቱን በጨረፍታ አይተውታል፤ አንጀታቸው አልቻለም። እጃቸውም ጸጉሩን ሊዳስስ ትንሽ ተንቀሳቅሶ ነበር። ነገር ግን ብርዱን ያሳለፉት ብቻቸውን ነው፤ ያንን የሚያህል ብርድ ደግሞ በአንድ ቀን ሙቀት ከአጥንት አይወጣም። እጃቸውን መልሰው መጽሐፉ ላይ አሳረፉ፤ ፈገግ ብለውም ወደ ቴክኒሻኑ ዞሩ።

«ተባረክ ልጄ። እጅህ ይባረክ፣ የረገጥክበት መሰላል ይጽናልህ። እንግዲህ የወዳጄንም ልጅ እዚሁ ሳልመርቀው አልነሣም፤ ሰማም አልሰማም። እግዜር ዕድሜውን ያርዝመው። ሽበት ያልብሰው። በመስኮት አጠገብ የሚመች ወንበር፣ የሚያነበው መጽሐፍ አያሳጣው። ቤቱ በብርዱ ወር ሙቅ፣ በሐሩሩ ወር ነፋሻ ይሁንለት። ልጆቹም ይክበቡት፣ ይውደዱት… ልክ እሱ እናቱን እንደወደዳት ያህል። አንዲት ዲግሪ ሳይጨምሩ… አንዲት ዲግሪ ሳይቀንሱ።»